ቆሞ የሚታይ ግንብ ሥራ ፈት አይደለም

ስታቲክስ የሚባለውን ትምህርት ስንጀምር ከሁሉ አስቀድሞ የምንሰማው ቃል «ሚዛን» ነው። ብዙዎቻችንም ሚዛን ማለት ምንም ኃይል የማይሠራበት ዕረፍት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ነገር የማይንቀሳቀሰው ኃይል ስላላረፈበት ሳይሆን፣ ያረፉበት ኃይሎች እርስ በርሳቸው ስለተመጣጠኑ ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በጎንደር ለምንማር ሁሉ የፋሲል ግቢ በቅርባችን አለ። እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ ያሠሩት ግንብ በድንጋይና በኖራ የቆመ ነው። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። በበር አናት ላይ የተጋደመ ረጅም ድንጋይ ጭነት ሲያርፍበት ከሥሩ ይሳባል። በቅስት ውስጥ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን ይገፋል፤ እርሱም በጎረቤቱ ይገፋል። ግንቡ ብዙ በሮቹንና መስኮቶቹን በቅስት የከደነበት ጥበብ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ቅስት ዋጋ ያስከፍላል፤ እግሮቹ ወደ ውጭ ይገፋሉና። ምን ያህል እንደሚገፋ በቁጥር እንመልከት። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ከእግሩ እስከ አናቱ 1.5 ሜትር የሆነ ቅስት 6,000 ኪሎ በስፋቱ ላይ እኩል ተሰራጭቶ ተሸክሟል እንበል። ቅስቱን ከአናቱ ለሁለት ከፍለን የግራውን ግማሽ ብቻ ለይተን እንሣል። የዚህ ግማሽ ጭነት 3,000 ኪሎ ነው፤ ከእግሩ 0.75 ሜትር ርቆ ወደ ታች ስለሚሠራ ግማሹን ወደ ውስጥ ሊጥለው ይሞክራል። እንዳይወድቅ የሚከለክለው የቀኙ ግማሽ በአናቱ ላይ የሚሰጠው የአግድም ግፊት ነው፤ ይህም ከእግሩ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ይሠራል። በእግሩ ዙሪያ ያሉት ሁለቱ የማዞር ኃይሎች እኩል መሆን ስላለባቸው፣ 3,000 በ0.75 ተባዝቶ ለ1.5 ሲካፈል 1,500 ኪሎ ይወጣል።

እንግዲህ ግድግዳው ጭነቱን ከሥር በ3,000 ኪሎ ደግፎ መያዙ ብቻ አይበቃም፤ ከጎንም 1,500 ኪሎ መመከት አለበት። የቅስቱ ከፍታ በግማሽ ቢቀንስ የጎኑ ግፊት እጥፍ ሆኖ 3,000 ኪሎ ይደርሳል። የግድግዳው ውፍረት ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ የራሱ ክብደት ግፊቱን ወደ መሠረቱ ያጎነብሰዋል።

ሚዛኑ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ለማየትም ከግቢው መውጣት አያስፈልግም። የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ፣ ኋላም በ1941 ኢጣልያኖችን ከጎንደር ለማስለቀቅ በተደረገው ጦርነት በእንግሊዞች የቦምብ ድብደባ ተጎድቷል። ቅስት አንድ ድንጋይ ሲጎድልበት ጉዳቱ የዚያ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ላይ ተደግፎ የነበረው ጎረቤትም የሚገፋው ያጣል።

በፋሲል መዋኛ ቅጥር ላይ የምናያቸው የዛፍ ሥሮችም ያው ትምህርት አላቸው። ሥሩ በድንጋዮች መካከል እየገባ ይፈለቅቃቸዋል፤ የላላውንም ድንጋይ አቅፎ ይይዘዋል። ስለዚህ ጠላት ነው ብሎ በአንድ ቀን መቁረጥ፣ ደግ ነው ብሎም ዝም ማለት ሁለቱም አደገኛ ናቸው። አንድን ኃይል ከማንሣታችን በፊት እርሱን የሚተካ ድጋፍ ማዘጋጀት ግድ ነው።

የፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መዝገብ ግን ግድግዳ አይደግፍም፤ የሚደግፈው ኃይሉን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ከመካከላችን ነገ የጥገና ሥራ የሚሰጠው አይጠፋም። ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ የስታቲክስ ጥያቄ ሲቀርብልን ቀመር ለመፈለግ አንቸኩል። በመጀመሪያ አካሉን ከአካባቢው ለይተን እንሣል፤ የሚነካውን ሁሉ እንቁጠር፤ በእያንዳንዱ መነካካት ላይ የሚሠራውን ኃይል በቀስት እናመልክት። በፈተና ወረቀት ላይ የተረሳ አንድ ቀስት ነጥብ ያስቀንሳል፤ በግንብ ላይ የተረሳ ግን ሦስት መቶ ዓመት የቆመውን ያፈርሳል።