ሴይቼንቶና የጊንጡ መኪና

በአውሮፓ የአሮጌ መኪና ጨረታዎች ላይ ሰብሳቢዎች ከሚሻሙባቸው አነስተኛ የጣሊያን የስፖርት መኪኖች አንዱ ፊያት አባርት 850 ቲሲ ነው። መለያው ጊንጥ ነው። ጊንጡን አንሥተን የቀረውን አካል ብናየው ግን የቀድሞዋን አዲስ አበባ የሚያስታውስ ሰው ወዲያው ይለየዋል፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ያገለገለችን ሴይቼንቶ ናት።

ሴይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ የኢንጂነር ዳንቴ ጃኮዛ ሥራ ናት። ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1955 በጄኔቭ የመኪና ኤግዚቢሽን ነው። ርዝመቷ 3.2 ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቷ 600 ኪሎ አይሞላም፤ አራት ሰው ግን ትይዛለች። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ራዲያተሩ ሁሉም ከኋላ ስለታጨቁ ነው ይህ የተቻለው። ከፊት ያለው ኮፈን ሲከፈት የሚታየው የነዳጅ ታንከሩ፣ ባትሪውና ትርፍ ጎማው ነው። የመጀመሪያው ሞተር 633 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ 22 የፈረስ ጉልበት እንኳ አይደርስም ነበር፤ በ1960 ወደ 767 ሲሲ አደገ። እስከ 1964 ድረስ የተሠሩትን ለመለየት በሩን ማየት ይበቃል፤ ማጠፊያው ከኋላ፣ እጀታው ከፊት ነው።

ቪየና የተወለደው ካርል አባርት እ.ኤ.አ. በ1949 ድርጅቱን ሲያቋቁም ሥራው የፊያትን ተራ መኪኖች እያሻሻለ ለውድድር ማብቃት ሆነ። በ1961 የወጣችው 850 ቲሲ ከዚህችው ሴይቼንቶ የተሠራች ናት። ሞተሩ 847 ሲሲ ሆነ፣ ጉልበቱም ወደ 52 ከፍ አለ። ፎቶግራፏን ያየ ሰው የኋላ ኮፈኗ ተከፍቶ በዘንግ እንደተደገፈ ያስተውላል። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ የጋለው ሞተር አየር እንዲያገኝ ነው።

ሙቀት የሴይቼንቶ ዋና ፈተና ነውና አገራችን ላይ ነገሩ ይብሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም ከትንሹ ጉልበቱ ላይ በዚያው ልክ ያጣል። ውኃም የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ መፍላቱ አይቀርም። ይህን ሁሉ ችለው ዳገቱን ሰው ጭነው ሲወጡ የኖሩ መኪኖች ናቸው። ከጨረታው አባርት ያላነሰ ክብር ይገባቸዋል ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ከአዲስ አበባ ርቆ ካፋ ውስጥ ሴይቼንቶ ይዞ ለማቆየት የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። የመጀመሪያው መንገዱ ነው። ከጅማ ሲመጣ ወደ ሞቃታማው የጎጀብ ሸለቆ ተወርዶ እንደገና 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው የካፋዋ ቦንጋ ይወጣል። የሞተሩ ክብደት ያረፈው በሚነዱት የኋላ ጎማዎች ላይ ስለሆነ ጭቃ ላይ ያግዛታል፤ ረጅሙ ዳገት ላይ ግን ዓይን ከሙቀት መለኪያው መነሣት የለበትም። ሁለተኛውና የሚከፋው ዝገት ነው። ቦንጋን ዝናብ ብዙም አይለያትም፤ ሴይቼንቶ ደግሞ ራሱን የቻለ ቻሲስ የላትም፤ ላሜራው ራሱ አጥንቷ ነው። ወለሉ፣ ከበሩ ሥር ያለው ደፍና የባትሪው ማስቀመጫ ከበሰበሱ፣ ላይዋ የቱንም ያህል ቢያበራ መኪናዋ አልቃለች ማለት ነው። “ታድሳለች” ተብላ ለሽያጭ የቀረበች ካለች ትንሽ ማግኔት ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ከታች ጀምሮ በየቦታው ማስጠጋት ነው፤ ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ በላሜራ ፋንታ በስቱኮ የተሞላ ነው።

ጊንጥ የተለጠፈባት ከሆነች ደግሞ ጥርጣሬው ይጨምር። ምልክቱ በቀላሉ ይገዛል፤ ተራ ሴይቼንቶን አባርት አስመስሎ መሸጥም በዓለም ገበያ የተለመደ ነው። የሞተሩንና የአካሉን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ግድ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ደህናዋን ታክሲ ለጊንጥ ተብሎ መቆራረጥ ነው። ትክክለኛ አባርት ውጭ አገር በሙዚየም በክብር ተቀምጧል፤ ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶን ግን ከእኛ በቀር ማንም አያስቀምጥልንም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ የጎደለውን ከውጭ ገዝቶ ለመተካት ማሰቡም አስቸጋሪ ሆኗል። የቀሩን እዚሁ ያሉት ናቸው። ስለዚህ በጅማም ሆነ በቦንጋ፣ በግቢያችሁ የቆመች ሴይቼንቶ ካለች ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ አትስጧት። ጣሪያ ሥር አስገቧት፤ ምንጣፉን አንሥታችሁ ወለሉን አድርቁት፤ ሊብሬዋንና ከላይዋ የወለቀውን ዕቃ ሁሉ፣ የማይረባ ቢመስልም፣ አንድ ላይ አስቀምጡት።