በኢንተርኔት በግል ሠርቶ ማደርና የትምህርት ቤት ድርሻ

በኢንተርኔት በግል ሠርቶ ማደር ሲባል አንድ ሰው ያለ ቀጣሪ ዕቃውን ወይም ሙያውን በዚሁ መገናኛ ለገበያ አቅርቦ የሚተዳደርበት የሥራ ዘርፍ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ መንገድ ከጠረጉት እርምጃዎች መካከል ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠው አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና በግንቦት 2013 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቴሌብር ይገኙባቸዋል።

ይሁን እንጂ የመገበያያው መንገድ መኖር ብቻውን እንጀራ አያስገኝም። ለምሳሌ አንዲት ወጣት የሰፋችውን ቦርሳ በ500 ብር ሸጣ ለጨርቅና ለክር 320፣ ለማድረሻ 80፣ ለኢንተርኔት 40 ብር ብታወጣ የሚተርፋት 60 ብር ነው። ስፌቱ 3 ሰዓት ከወሰደ የድካሟ ዋጋ በሰዓት 20 ብር ይሆናል። ገበያው በሚቀዘቅዝበት ወር ደግሞ ይህም አይገኝም፤ የወር ደመወዝ የሚቆርጥላት አሠሪ የለምና።

ስለዚህ ተማሪው ከመሣሪያው አጠቃቀም አስቀድሞ ሊጨብጠው የሚገባ ዕውቀት አለ፤ ይኸውም የገቢና የወጪ ሂሳብ አያያዝ፣ በጽሑፍ መዋዋልና የቀጠሮ ቀንን ማክበር ነው። የሂሳብ መምህር ከላይ የታየውን ስሌት፣ የአማርኛ መምህር የውል አጻጻፍን በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሊያስተምሩ ይችላሉ። ኮምፒውተር ያልደረሰው ትምህርት ቤትም ይህንኑ በደብተርና በእርሳስ ሊጀምረው እንደሚችል የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ሊያጤኑት ይገባል።