የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች፤ አነሣሣቸውና መዳከማቸው

ካዛንቺስ የተባለው የአዲስ አበባ ሠፈር ስሙን ያገኘው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። «ካዜ» በኢጣልያንኛ ቤቶች ማለት ሲሆን፥ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ የነበረው ድርጅት አጭር ስም ነበር። ይህ ሠፈር ከጊዜ በኋላ በአዝማሪ ቤቶቹ ታወቀ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ጥንታዊው የአዝማሪነት ሙያ ከከተማ ኑሮ ጋር ተዋሕዶ፥ በመጨረሻም ከጃዝና ከውጭ አገር ሙዚቃ ጋር እየተፈተነ አዲስ መልክ ይዞ ነበር። የዚህን ሙከራ መነሣትና መዳከም ለመረዳት፥ አስቀድሞ የአዝማሪ ቤትን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል።

አዝማሪ በጎንደር፥ በጎጃምና በወሎ ገጠሮች ማሲንቆውን ይዞ በሠርግና በግብዣ እየዞረ የሚዘፍን ባለሙያ ነው። ማሲንቆው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ የድምፁንም ከፍታ የሚወስነው የተጫዋቹ ጣት ስለሆነ፥ ከማንኛውም ዘፋኝ ድምፅ ጋር ይስማማል። በአዝማሪ ቤት ግጥሙ የአዝማሪው ብቻ አይደለም። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማው ያስገባዋል፤ ቀጥሎ ከራሱ አፍልቆ እንግዳውን ያሞግሳል፥ ወይም በሰምና ወርቅ ይነካዋል። ቤቱ ጠባብ በመሆኑ ዘፋኙ በሰው መካከል ይመላለሳል። ስለዚህ ሰሚው የዘፈኑ ተካፋይ ነው።

በደርግ ዘመን ለረጅም ዓመታት የጸናው የሰዓት እላፊ የከተማውን የሌሊት ጨዋታ አዳክሞት ነበር። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ከተለወጠ በኋላ ግን አዝማሪ ቤቶች በካዛንቺስ ተበራከቱ። ሠፈሩ ለዚህ የተመቸ ነበር። ትርፍ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ ወዲህ ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ሆነው ኪራያቸው አነስተኛ ስለነበር፥ ሀብት የሌለውም ሰው ሊኖርበት ይችል ነበር። ከዚህም ሌላ በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ቅርብ በመሆኑ የቢሮ ሠራተኛና የውጭ አገር እንግዳ አይታጣበትም ነበር።

ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ፈንድቃ ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በዚህ ቤት ከእንግዶች በሚያገኘው ሽልማት ብቻ እየተዳደረ ለዓመታት ከጨፈረ በኋላ፥ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ተረከበ። ከዚያ ወዲህ ፈንድቃ አዝማሪዎቹን ሳይተው የጃዝ ምሽት፥ የግጥም ንባብና የሥዕል ትርኢት ጨመረ። መንገዱን አስቀድሞ የጠረገው ሽለላን በሳክስፎን ያዜመው ጌታቸው መኩሪያ ነበር፤ እርሱም በ1998 ዓ.ም. ገደማ «ዚ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ጓድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን ሥራ አሳትሟል። መላኩም ከዚሁ ጓድ ጋር በውጭ አገር መድረኮች ጨፍሯል፤ ኢትዮከለር የተባለውንም የራሱን ጓድ አቋቁሟል።

ይህ ሙከራ የተሳካው ሥሩ በነባሩ ሥርዓት ውስጥ ስለነበረ ነው። እንግዳው ሙዚቀኛ በስንኝ ፈንታ በመሣሪያው ዜማ ይሰጥ ነበር፤ ማሲንቆውም እንደ ልማዱ ይቀበለው ነበር። አዲስ የሆነው ሰጪው እንጂ የመስጠትና የመቀበሉ ልማድ አልነበረም።

መዳከሙ የመጣው ከጥበቡ መድከም አይደለም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሠፈሩ ክፍሎች ለሆቴሎችና ለታላላቅ ሕንፃዎች እየፈረሱ ሲሄዱ፥ አዝማሪ ቤቶቹም እያነሱ ሄዱ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲካሄድ፥ ከቀረው ሠፈር አብዛኛው ፈርሶ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ፤ ፈንድቃም የቆየበትን ቤት ለቀቀ። እርግጥ ነው፤ ከአሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ በቂ ውኃና መጸዳጃ ስላልነበራቸው መሻሻል ያስፈልጋቸው ነበር። ነገር ግን ከቤቶቹ ጋር ጉርብትናውም ፈረሰ።

አዝማሪ ከጥንት ጀምሮ ተጓዥ ስለሆነ፥ ማሲንቆውን አንሥቶ ሌላ ቦታ ሊዘፍን ይችላል፤ በታላቅ አዳራሽ መድረክ ላይም ይቆማል። ከመድረክ በታች ተራርቆ የተቀመጠ ተመልካች ግን ያጨበጭባል እንጂ ስንኝ አያቀብልም። የካዛንቺስን ቅርስ ለመጠበቅ የሚያስብ ሰው ዜማውን ከመቅረጽና መሣሪያውን በቤተ መዘክር ከማኖር አልፎ፥ ሰሚና ዘፋኝ ፊት ለፊት የሚቀባበሉበት ጠባብ ቤት በአዲሱ ከተማ ፕላን ውስጥ የት እንደሚገኝ መጠየቅ ይገባዋል።