መውጫ ያጣ ውሃ፦ የሕፃን ጭንቅላት ለምን ይለካል?

ክረምት ገብቶ ጉማራና ርብ ሲሞሉ ፎገራ ሜዳ ምን እንደሚመስል ወረታ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሩዝ ውሃ ይወዳል፤ ግን ውሃው እየገባ መውጫ ሲያጣ ማሳው ይሰጥማል። ገበሬው ታዲያ ዝናቡን ሲራገም አይውልም፤ ቦዩ የት እንደተደፈነ ሊያይ አካፋውን ይዞ ይወጣል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሕፃናት ጭንቅላት ልጽፍ ስለፈለግሁ ነው። ብዙ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ከነዚያ ዓመታት አንድ ቀን አይረሳኝም። አንዲት እናት ልጇን ለ10ኛ ሳምንት ክትባት ይዛ መጣች። አያትየውም አብረው ነበሩ። ጭንቅላቱ ከፍ ያለ መሰለኝ፤ እርግብግቢቱን ስዳስሰው ሞላ ያለ ነው። አያትየው “አባቱም እንዲሁ ነበር ልጄ፤ ራሰ ትልቅ ዘር ነን” አሉኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ሜትር አልዘረጋሁም። “በሚቀጥለው ክትባት እናየዋለን” ብዬ ሸኘኋቸው።

በሚቀጥለው ክትባት አልመጡም። ፀበል ወስደውት ነበር፤ ከዚያም ወንዛዬ ፍል ውሃ። ለኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩ ሲመጣ ዓይኖቹ ወደ ታች ተጎትተው ከብሌኑ በላይ ነጩ ይታያል። ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ዳነ፤ ዓይኑ ግን አልተመለሰም። የዘገየው ፀበል ስለሄዱ ብቻ አይደለም። እኔም አዘግይቼዋለሁ።

በሽታው ሃይድሮሴፋለስ ይባላል፤ በአንጎል ጓዳዎች ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ ነው። ውሃው ራሱ ጠላት አይደለም። አንጎላችን ከጉዳት የሚጠብቀውን ንጹሕ ፈሳሽ ሌት ተቀን ያመነጫል። አዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያመነጫል፤ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ይታደሳል ማለት ነው። ፈሳሹ ከጓዳ ጓዳ በጠባብ መተላለፊያ አልፎ፣ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ዞሮ ወደ ደም ይመለሳል። መንገዱ ከተዘጋ ማመንጨቱ አይቆምም። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ ጭንቅላቱ ይሰፋል። የትልቅ ሰው ግን አይሰፋም፤ ራስ ምታትና ትውከት ይመጣል።

ውሃ የሕዋስን ግድግዳ እንዴት በዚያ ፍጥነት እንደሚያልፍ እኔ ዲፕሎማዬን ስይዝ ያስተማረን አልነበረም። ፒተር አግሬ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1992 ምስጢሩን ከቀይ የደም ሕዋስ ላይ አገኘው፤ በ2003ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌላ ተመራማሪ ጋር ተጋራ። ያገኘው አኳፖሪን የተባለ ፕሮቲን ነው። የውሃ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ በሰልፍ የሚያሳልፍ ጠባብ በር ልትሉት ትችላላችሁ። አኳፖሪን 1 የአንጎልን ፈሳሽ በሚያመነጨው አካል ላይ በብዛት ይገኛል። አኳፖሪን 4 ደግሞ በደም ሥሮችና በጓዳዎቹ ዙሪያ ባሉ ደጋፊ ሕዋሳት ላይ አለ።

አኳፖሪን 1 የሌላቸው አይጦች የሚያመነጩት ፈሳሽ ያነሰ ነው። አኳፖሪን 4 የሌላቸው ደግሞ መተላለፊያቸው ሲዘጋ የባሰ ይጎዳሉ፤ ውሃው በጎን ሾልኮ የሚወጣበት በር ስለሌላቸው። ነገር ግን የአንጎል ደም ዝውውር ተቋርጦ ሕዋሳቱ ውሃ ሲጠጡና ሲያብጡ፣ ያው በር የሌላቸው አይጦች እብጠታቸው ይቀንሳል። አንዱ በር በአንድ ቀን ያድናል፣ በሌላ ቀን ይጎዳል። ይህን በር ከፍቶ ወይም ዘግቶ የሕፃን ሃይድሮሴፋለስን የሚያድን መድኃኒት ዛሬ በሐኪም እጅ የለም። “የጭንቅላት ውሃ የሚያደርቅ” ብሎ ሽሮፕም ሆነ ቅጠል የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ያለው መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ነው። አንዱ ሻንት የሚባለው ቀጭን ቱቦ ሲሆን ከአንጎል ጓዳ ተነስቶ በቆዳ ሥር ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ፈሳሹን ሆድ ዕቃ መልሶ ይመጠዋል። ቱቦው ሊደፈን ወይም ሊመረቅዝ ይችላል። ሻንት ያለው ልጅ ካተኮሰው፣ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ ካበዛ ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ። ሌላው መንገድ በቀጭን መሣሪያ አንጎል ውስጥ አዲስ መውጫ መክፈት ነው። ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ ኡጋንዳ ምባሌ ውስጥ ይህን ፈሳሹን የሚያመነጨውን አካል ከመተኮስ ጋር አዋህደው ሠርተውበታል። ቱቦው በተደፈነ ቁጥር ሐኪም ቤት መመላለስ ለማይችል ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። በእኛ አገር ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች በዚህ ሕክምና ይታወቃሉ። ከወረታ ለሚነሳም ዛሬ ባህር ዳርና ጎንደር የቀረቡ ናቸው።

መንስኤው ብዙ ነው፦ አብሮ የተወለደ ጥበት፣ ማጅራት ገትር፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጎል ውስጥ መድማት። ጀርባቸው ላይ ክፍተት ይዘው የሚወለዱት ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው ልጆችም ብዙዎቹ ይይዛቸዋል። የጀርባው ክፍተት የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ ባሉት 28 ቀናት ውስጥ፣ እናትየው ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። ስለዚህ ልጅ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ከማርገዟ በፊት ትጀምር። ይህን ለሙሽሮቻችሁ መንገር የአያቶች ሥራ ነው፤ ጤና ጣቢያ የምትመጣው ካረገዘች በኋላ ነውና።

አለካኩ ቀላል ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ በላይ፣ ከጆሮ በላይ፣ ከኋላ እጅግ በወጣው በኩል ይዙር። በጊዜው የተወለደ ሕፃን 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። የሚያስፈራው ትልቅነቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው፤ በእርግጥ ራሰ ትልቅ ዘር አለ። ሳያለቅስ፣ ቀና ብሎ ታቅፎ ሳለ እርግብግቢቱ ከተወጠረ፣ የራሱ ደም ሥሮች ጎልተው ከታዩ፣ ዓይኑ ወደ ታች ከተጎተተ፣ ነገ አትበሉ። ፀበሉን አልከለክልም፤ እኔም እጠመቃለሁ። በዚያው ቀን ግን ጤና ጣቢያ ይታይ።

እኔ ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። የልጅ ልጄ በ10ኛ ሳምንቱ 39 ነበር።