የጁልያን ቦንድ ምርጫዎች (1965–1966)

የጁልያን ቦንድ ምርጫዎች በአሜሪካ ጆርጅያ ክፍላገር ለ136ኛው የምርጫ ክልል ወንበር የተካሄዱ ሦስት ምርጫዎች ናቸው። ሦስቱንም ያሸነፉት ጁልያን ቦንድ ነበሩ። የክፍላገሩ የተወካዮች ምክር ቤት ግን በቬትናም ጦርነት ላይ በያዙት አቋም ምክንያት ከመጀመሪያውም ሆነ ከሁለተኛው ድላቸው በኋላ ወንበሩን ከልክሏቸዋል። ክርክሩ የተቋጨው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 5 ቀን 1966 በሰጠው ውሳኔ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ

ቦንድ ጃንዋሪ 14 ቀን 1940 በናሽቪል፣ ቴነሲ ተወለዱ። አባታቸው ሆረስ ማን ቦንድ የታወቁ የትምህርት ሰው ነበሩ። ልጃቸው በአትላንታ በሞርሃውስ ኮሌጅ ሲማሩ በ1960 የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴን ከመሠረቱት ወጣቶች አንዱ ሆኑ፤ ኮሚቴው በምህጻሩ ስኒክ ይባላል። በስኒክ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ስለነበሩ ሥራቸው ከጋዜጠኞች ጋር መነጋገር ነበር። በኋላ ለገጠማቸው ነገር መንስኤ የሆነውም ይኸው ከጋዜጠኛ ጋር የተደረገ ንግግር ነው።

በጆርጅያ ለረጅም ዘመን ጥቂት ነዋሪ ያላቸው የገጠር አውራጃዎች ከሕዝባቸው ብዛት ጋር የማይመጣጠን የምክር ቤት ወንበር ይዘው ኖረዋል። ፍርድ ቤቶች ወንበሮቹ በሕዝብ ቁጥር እንዲደለደሉ ሲያዝዙ በአትላንታ አዳዲስ የምርጫ ክልሎች ተፈጠሩ። አብዛኛው መራጭ ጥቁር የሆነበት 136ኛው ክልል ከእነዚህ አንዱ ነበር። ቦንድ በጁን 1965 በዚህ ክልል ሲመረጡ ዕድሜያቸው 25 ነበር።

የመጀመሪያው ክልከላ

ጃንዋሪ 3 ቀን 1966 ሳሚ ያንግ የተባለ የስኒክ አባልና የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ በተስኪጊ፣ አላባማ ለነጮች ብቻ የተከለለ መጸዳጃ ቤት ለመጠቀም በመሞከሩ በጥይት ተገደለ። ከሦስት ቀን በኋላ ስኒክ የቬትናምን ጦርነት የሚያወግዝ መግለጫ አወጣ። መግለጫው በውጭ አገር ነጻነትን እጠብቃለሁ የሚል መንግሥት በአገሩ ውስጥ የጥቁሮችን ሕይወት አለመጠበቁን እየጠቀሰ ለውትድርና መመልመልን ለማይፈልጉ ወጣቶች አጋርነቱን ይገልጻል። ቦንድ መግለጫውን አልጻፉትም። አንድ ጋዜጠኛ ደውሎ ሲጠይቃቸው ግን እንደሚደግፉት ተናገሩ። የምልመላ ካርዳቸውን የሚያቃጥሉ ሰዎችን ድፍረት እንደሚያደንቁም ጨመሩ።

በጆርጅያ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። 75 የምክር ቤት አባላት ቦንድ ለአገሪቱና ለክፍላገሩ ሕገ መንግሥት ታማኝ ሆነው በቅንነት ሊምሉ አይችሉም የሚል አቤቱታ አቀረቡ። ጃንዋሪ 10 ሌሎቹ አባላት ሲምሉ ቦንድ ወደ ጎን እንዲቆዩ ተደረገ፤ በዚያው ቀንም ጉዳያቸው ታየ። ማንንም ካርድህን አቃጥል ብለው እንዳልመከሩ፣ የራሳቸው ካርድ ኪሳቸው ውስጥ እንዳለና ከተፈለገ አውጥተው እንደሚያሳዩ አስረዱ። ምክር ቤቱ በ184 ድምፅ ለ12 እንዳይቀመጡ ወሰነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ውሳኔውን የሚቃወም ሰልፍ እየመሩ ወደ ምክር ቤቱ ሕንጻ ሄዱ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ምርጫ

ወንበሩ ክፍት ስለሆነ ለፌብሩዋሪ 23 ቀን 1966 የማሟያ ምርጫ ተጠራ። ለዳግም ምርጫ የሚቀርብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያስወጣውን ሕግ፣ ለአካባቢው ያስገኘውን መንገድ ወይም ትምህርት ቤት እየቆጠረ ድምፅ ይጠይቃል። ቦንድ ግን አንድ ቀን እንኳ በወንበሩ ላይ አልተቀመጡምና የሚቆጥሩት ሥራ አልነበራቸውም። ለመራጩ የቀረበው ጥያቄ ምክር ቤቱ የመለሰውን ሰው መልሶ ይልክ እንደሆነ ብቻ ነበር። መራጩም በከፍተኛ ድምፅ መልሶ ላካቸው።

ምክር ቤቱ በዚያ ጊዜ በዕረፍት ላይ ስለነበር ጉዳዩን የተመለከተው የደንብ ኮሚቴው ነው። ቦንድ የተናገሩትን ያጥፉ እንደሆነ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ወንበሩም ባዶውን ቀረ። ከዚህ በኋላ በሴፕቴምበር የዴሞክራቲክ ፓርቲን ቅድመ ምርጫ፣ ኖቬምበር 8 ደግሞ መደበኛውን ምርጫ አሸነፉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የ136ኛው ክልል ነዋሪዎች በምክር ቤቱ ውስጥ የሚናገርላቸው ተወካይ አልነበራቸውም። ይህ ጉዳት ብዙ ጊዜ ከቦንድ የግል ታሪክ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል፤ የተቀጣው ግን መራጩም ጭምር ነው።

በፍርድ ቤት

ቦንድ ክሱን ያቀረቡት ከመጀመሪያው ክልከላ በኋላ ወዲያው ነው። ሦስት ዳኞች ባሉበት የፌዴራል ችሎት ሁለቱ ለምክር ቤቱ ፈረዱ። ሦስተኛው ዳኛ ኤልበርት ተትል ግን የጆርጅያ ሕግ የተመራጭን መስፈርቶች ዘርዝሮ ስላስቀመጠ ምክር ቤቱ ከዚያ ውጭ የራሱን መስፈርት መጨመር አይችልም በማለት ተለዩ።

በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክፍላገሩ ሁለት ነገር ተከራከረ። አንደኛ፣ ቃለ መሐላ ግዴታ ከሆነ ምክር ቤቱ የሚምለው ሰው ከልቡ መማሉን ሊመረምር ይገባል። ሁለተኛ፣ ሕግ አውጪ ከተራው ዜጋ የበለጠ ታማኝነት ይጠበቅበታል። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም በአንድ ድምፅ አልተቀበለም። በፕሬዚዳንቱ በኧርል ዋረን የተጻፈው ውሳኔ እንደሚለው አብላጫው ወገን የሌላውን መሐላ ቅንነት የመመርመር ሥልጣን ካገኘ ያንኑ ሥልጣን ተቃዋሚን ዝም ለማሰኘት ሊጠቀምበት ይችላል። ሕግ አውጪነትም የመናገር መብትን አያጠብም፤ መራጩ ተወካዩ በትልልቅ ጉዳዮች ላይ የሚያስበውን እንዲያውቅ ተወካዩ በነጻነት መናገር አለበት። ስለዚህ ክልከላው የመጀመሪያውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይጥሳል ተባለ። ውሳኔው በዚህ ላይ ስለቆመ ፍርድ ቤቱ ቦንድ ያነሷቸውን ሌሎች ነጥቦች መወሰን አላስፈለገውም። መዝገቡ «ቦንድ እና ፍሎይድ» ይባላል፤ ፍሎይድ ከተከሳሾቹ የምክር ቤት አባላት የአንዱ ስም ነው።

ከዚያ በኋላ

ቦንድ ጃንዋሪ 9 ቀን 1967 ምለው ወንበራቸውን ያዙ። በማግስቱ ያው የጆርጅያ ሕግ አውጪ አካል፣ ጥቁሮችን ከማስተናገድ ምግብ ቤታቸውን መዝጋት የመረጡትን ሌስተር ማዶክስን አገረ ገዢ አድርጎ መረጠ። በ1968 በቺካጎው የዴሞክራቶች ጉባኤ የቦንድ ስም ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲቀርብ 28 ዓመታቸው ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ 35 ስለሚጠይቅ ራሳቸውን አገለሉ። በኋላ በጆርጅያ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እስከ 1987 አገለገሉ። በ1986 ለአሜሪካ ኮንግረስ ሲወዳደሩ በቀድሞ የትግል ጓደኛቸው በጆን ሉዊስ ተሸነፉ። ኦገስት 15 ቀን 2015 አረፉ።

ምክር ቤት ያባረረውን መራጭ ሲመልሰው ቦንድ የመጀመሪያው አልነበሩም። የኒውዮርክ ምክር ቤት በ1920 አምስት የሶሻሊስት ፓርቲ አባላትን አባርሮ አምስቱም በማሟያ ምርጫ ተመልሰው ነበር፤ ምክር ቤቱ ሦስቱን እንደገና ሲያባርር ሁለቱ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። በኤፕሪል 2023 ደግሞ የቴነሲ ምክር ቤት የጦር መሣሪያ ቁጥጥር እንዲጠብቅ በአዳራሹ ውስጥ ድምፃቸውን ያሰሙትን ጀስቲን ጆንስንና ጀስቲን ፒርሰንን አስወጣ። እነዚህ እንደ ቦንድ ከመማላቸው በፊት አልተከለከሉም፤ የተባረሩት በሥራ ላይ እያሉ ነው። የየአካባቢያቸው ምክር ቤቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ በጊዜያዊነት መለሷቸው፤ በኦገስትም ሁለቱ የማሟያ ምርጫውን አሸነፉ።