ለየቲሞች በምንሰጣቸው ጫጩቶች መካከል ቄቧን ከአውራው እንዴት እንለያለን?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ዶሮ ጫጩት ነው። «የየቲምን ጉዳይ ከጫጩት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ወንድም ወይም እህት ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

እዚሁ ደምበጫ ሦስት የቲሞችን የሚያሳድጉ አንዲት እናት አሉ። ጥቂት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን፣ እንቁላል እየሸጡ የልጆቹን ደብተርና ሳሙና ይችሉበታል በሚል ኒያ አምስት ቄብ ዶሮዎች ልንገዛላቸው ተስማማን። ገበያ ከወጡት አንዱ እኔ ነበርሁ። ሻጩ ሁለት ወር የሞላቸውን ጫጩቶች በቅርጫት ይዞ «ሁሉም ሴቶች ናቸው» አለን። እኛም ለየቲም የሚሰጥ ነገር ምርጥ መሆን አለበት ብለን ከቅርጫቱ ውስጥ ቁመታቸው የረዘመውን፣ እግራቸው የወፈረውን፣ አናታቸው ቀላ ያለውን አምስት መርጠን ወሰድን። ከሦስት ወር በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ከአምስቱ አራቱ ይጮሃሉ። እናቲቱ ሰደቃ የሰጣቸውን ሰው ማሳፈር ስላልፈለጉ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ ከልጆቹ እህል እየቀነሱ አራት አውራ ዶሮ ሲቀልቡ ከርመዋል። ትንሹ ልጅ ግን «ኡስታዝ፣ እንቁላሉ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስሕተታችን የት ላይ እንደ ነበር የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በአንድ ቀን ከተፈለፈሉ ወንድማማችና እኅትማማች ጫጩቶች መካከል ፈጥኖ የሚያድገው፣ እግሩ የሚወፍረውና አናቱ ቀድሞ የሚቀላው ወንዱ ነው። ስለዚህ ዕውቀት የሌለው ሰው «ምርጡን» ሲመርጥ ሳያውቀው ወንዶቹን ይለቅማል፤ ትንሽ ናት፣ ደካማ ናት ብሎ የተዋት ደግሞ እንቁላል የምትጥለዋ ናት። በሱረቱ አን-ኒሳእ መጀመሪያ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) የየቲሞችን ገንዘብ ለባለቤቶቹ እንድንሰጥ፣ መጥፎውን በመልካሙ እንዳንለውጥባቸው አዟል። እኛ ለመለወጥ አላሰብንም፤ ይሁን እንጂ ልጆቹ እጅ የገባው ሌላ ነገር ነበር።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የአገራችን ዶሮ ብዙ የምትጥል ባትሆንም በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ትሰጣለች፤ ከዚያም ላይ ታቅፋ ታስፈለፍላለች፣ ጫጩቶቿን ከጭልፊት ትጠብቃለች። በደንብ የተያዘች ኮይኮይክ ከዚህ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች፤ ቦቫንስ ብራውን የሚባለው ዝርያ በተሟላ መኖና እንክብካቤ በዓመት እስከ 300 ይደርሳል። አራት ቄብ ማጣት ማለት እንግዲህ በአገር ዝርያ እንኳ በዓመት ወደ 200 የሚጠጋ እንቁላል ማጣት ነው።

አሁን ወደ መለያው እንግባ። በቅድሚያ ግን ስለማይሠሩት ዘዴዎች ልናገር፤ ገበያ ላይ የሚያሳስቱን እነርሱ ናቸውና። ሾጣጣ እንቁላል ወንድ፣ ድቡልቡል እንቁላል ሴት ያወጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ደግሞ ተቃራኒውን ጽፏል፤ ረጅሙና ሾጣጣው የሴት፣ ክቡ የወንድ ነው አለ። በካይሮ ይኖሩ የነበሩት የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቅ ከማሉዲን አድ-ደሚሪም (በ808 ዓመተ ሒጅራ የሞቱ) ስለ እንስሳት ባዘጋጁት «ሐያቱል ሐየዋን» በተባለው መጽሐፍ ይህንኑ አስፍረዋል። እዚያው ላይ ደግሞ የአሥር ቀን ጫጩት በመንቁሩ ሲንጠለጠል ከተንቀሳቀሰ ወንድ፣ ዝም ካለ ሴት ነው የሚል ይገኛል። እኚህ ታላቅ ዓሊም በዘመናቸው ሲባል የሰሙትንና በመጻሕፍት ያገኙትን መሰብሰባቸው ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ዛሬም በእግሩ ዘቅዝቆ ይዞ «ራሱን ቀና ካደረገ ወንድ ነው» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ጫጩቱን ከማሠቃየት ያለፈ ጥቅም የለውም።

የእንቁላሉ ቅርጽ የማይነግረን ለምን እንደሆነ ሳይንስ በግልጽ አስቀምጦታል። በሰው ልጅ የጾታ ልዩነት የሚመጣው ከአባት ዘር ሲሆን በአዕዋፍ ግን ከእናት ነው። ተመራማሪዎች «ዜድ» እና «ደብልዩ» ብለው ከሰየሟቸው የዘር ክሮች መካከል አውራው ሁለት ዜድ ሲኖረው፣ ዶሮዋ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ አላት። ጫጩቱ ከእናቱ ዜድ ከደረሰው ወንድ፣ ደብልዩ ከደረሰው ሴት ይሆናል። ይህ የሚወሰነው ገና ቅርፊቱ ሳይሠራ ነው። ቅርፊቱ ከዚያ በኋላ የሚለብሰው ልብስ ስለሆነ ውስጥ ያለውን አያሳውቅም።

በተፈለፈሉበት ቀን መለየት የሚቻልባቸው ዝርያዎች ግን አሉ። ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን የተዳቀሉት ሆን ተብሎ ጾታቸው በቀለም እንዲታወቅ ነው፤ ሴቶቹ ቡናማ ሆነው ሲፈለፈሉ ወንዶቹ ነጣ ያለ ቢጫ ናቸው። እንግዲህ አንድ ሰው ቢጫ ጫጩት ይዞ «ይህች የቦቫንስ ቄብ ናት» ቢላችሁ አትቀበሉት። በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተገኘውና በአገራችንም በስፋት የተሠራጨው ባለ ዥንጉርጉር ላባ ኮይኮይክ ሌላ ምልክት አለው። ጫጩቱ ጥቁር ሆኖ በአናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ይታያል፤ የወንዱ ነጥብ ሰፊና ዳር ዳሩ የተበተነ ሲሆን፣ የሴቷ ጠባብና የተሰበሰበ ነው፤ እግሯም ጠቆር ይላል። ሲያድጉ ደግሞ የወንዱ ላባ ነጣ ያለ ግራጫ፣ የሴቷ ጠቆር ያለ ይሆናል። ምክንያቱም ላባውን የሚያዠጎረጉረው ዘር በዜድ ክር ላይ ስለሚገኝ ወንዱ እጥፍ ይደርሰዋል።

ከዚህ የሚገኝ ለአርቢዎቻችን የሚበጅ ዘዴ አለ። ቀዩን የሮድ አይላንድ አውራ ከኮይኮይክ እንስት ጋር ብናገናኝ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ጥቁር ይሆናሉ፤ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ወንድ፣ የሌላት ሴት ናት። ይህ የሚሠራው ግን አባትየው ቀዩ፣ እናትየዋ ዥንጉርጉሯ ስትሆን ብቻ ነው። ሲገለበጥ ሁሉም ነጥብ ይዘው ስለሚወጡ መለያው ይጠፋል።

በትላልቅ ማስፈልፈያዎች የአንድ ቀን ጫጩትን የኋላ ቀዳዳ ገልጠው የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ። ዘዴው በጃፓን ኪዮሺ ማሱይ በተባሉ ሊቅና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተገኘ ነው። ለረጅም ጊዜ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ያልሠለጠነ ሰው ሲሞክረው የጫጩቱን ሆድ ዕቃ ይጎዳል። የክንፍ ላባን ርዝመት አይቶ መለየትም የሚሆነው ለዚሁ ተብለው በተዳቀሉ ዝርያዎች ላይ እንጂ በአገራችን ዶሮ ላይ አይደለም።

ጎጃም ውስጥ በየቤታችን ያለው ግን አብዛኛው የአገር ዶሮ ነው። ተመራማሪዋ ዶክተር ሐሊማ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካሉ የአገር ዶሮዎች መካከል የጥሊሊንና የደብረ ኤልያስን ጭምር መርምረዋል። የእነዚህ ዶሮዎች ቀለም እጅግ የተለያየ ነው፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ ወሰራ በአንዲት እናት ሥር ይገኛሉ። ስለዚህ በተፈለፈሉበት ቀን በቀለም ለመለየት መሞከር ድካም ነው። ሰውነታቸውም አነስ ያለ በመሆኑ ምልክቶቹ ቶሎ አይጎሉም። በሌላው ዓለም «ባንታም» የሚባሉትን ትንንሽ ዶሮዎች የሚያረቡ ሰዎችም በዚሁ ይቸገራሉ። (ስሙ የመጣው በጃቫ ደሴት ካለችው የባንተን ወደብ ነው፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስላም ሱልጣኔት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። የአውሮፓ መርከበኞች ትንንሾቹን ዶሮዎች ከዚያ ይወስዱ ነበር።) ሰብራይት የሚባለው የባንታም ዓይነትማ አውራው ጭምር የሴት ላባ ስለሚያበቅል በላባ አይለይም።

ለአገር ጫጩት ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት አናቱን ተመልከቱ። በአናት ላይ የሚበቅለው ሥጋ በወንዱ ላይ ቀድሞ ይወፍራል፣ ወደ ሮዝ ከዚያም ወደ ቀይ ይለወጣል፤ የሴቷ ቢጫማና ቀጭን ሆኖ ይቆያል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የአገራችን ዶሮዎች የአናት ሥጋቸው እንደ መጋዝ የቆመ ሳይሆን ዝቅ ያለ፣ በሦስት ረድፍ የተደረደረ ነው። በእነዚህ ላይ ቁመትን ሳይሆን ስፋትን እዩ፤ ሦስቱ ረድፎች በግልጽ ተለይተው ከቀሉ ወንድነቱ ያመዝናል። ደግሞም አንድን ጫጩት ለብቻው አይታችሁ አትፍረዱ። ከአንድ እናት፣ በአንድ ቀን ከተፈለፈሉት ጋር አስተያዩት። የሁለት ወር ሴትና የአንድ ወር ተኩል ወንድ በአንድ ቅርጫት ሲቀመጡ ዓይን ይታለላል።

ይበልጥ የሚታመነው ምልክት የሚመጣው ከ10ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ እርሱም የላባ ጫፍ ነው። ጫጩቱን በእርጋታ ያዙና ከጅራቱ ቀደም ብሎ ወገቡ ላይ ያለውን ላባ በጣታችሁ ገልጣችሁ ወደ ብርሃን አቅርቡት። የወንዱ አዲስ ላባ ረጅም፣ ቀጭንና ጫፉ የሾለ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ወደ ጎንም ይወርዳል። የሴቷ ጫፉ እንደ ጥፍር የከበበ ነው። የአንገቱም ላባ እንዲሁ ነው። በወሰራና በቀያዮቹ ላይ ደግሞ የወንዱ ትከሻ በድንገት ደማቅ ቀይ ጠቃጠቆ ያወጣል፤ የሴቷ ቀለም ግን በመላ አካሏ እኩል የተዳረሰ ነው። ሻጩ ምንም ቢል ከወገብ ላይ አንዲት የሾለች የምታብረቀርቅ ላባ ካገኛችሁ ቄብ ነው ብላችሁ አትግዙ። መጣላቱን፣ ደረቱን ነፍቶ መቆሙን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም፤ ቄቦችም ማዕረጋቸውን ለመለየት ይናከሳሉ።

ገበያውን በተመለከተ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ርጥብ የሆነ የእህል ክምር የሸጠውን ሰው መገሠጻቸው በሐዲስ ተላልፏል። ሻጭ የማያውቀውን «ሴት ናት» ብሎ በቄብ ዋጋ መሸጡ ከዚህ የራቀ አይደለም። «ጾታቸው ያልተለየ ድብልቅ ናቸው» ብሎ በድብልቅ ዋጋ ቢሸጥ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚገበያዩትን ያውቃሉ። በቄብነት ተሸጦ አውራ ሆኖ የተገኘውን ገዢው መመለስ እንደሚችል የፊቅህ ሊቃውንት ጽፈዋል። ነገሩ ከወራት በኋላ ስለሚገለጥ ግን የመለወጡን ውል ከነቀነ ገደቡ በምስክር ፊት አስቀድሞ መጻፍ ይበጃል፤ ዝርዝሩን ዑለማዎቻችንን ጠይቁ። ለየቲም የምትገዙ ከሆነ የእኔ ምክር ሦስት ወር ተኩል ያለፋትን፣ ቢቻል ለመጣል የተቃረበችውን መግዛት ነው። ዋጋዋ ይጨምራል፤ ነገር ግን ከአምስት የማይታወቁ ሦስት የታወቁ ይሻላሉ።

አንድ ሌላ የተሳሳተ ግምት አለ። ቄብ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ሲሆን አንዱ ለአሥር ያህል እንስቶች ይበቃል። እንቁላል ሸጦ ለሚኖር ቤተሰብ ትርፍ አውራ ቀለብ ብቻ ነው። ሆኖም አውራን መስደብ በሐዲስ ተከልክሏል፣ ለሰላት የሚቀሰቅስ ፍጡር ነውና። ዋጋም አለው፤ በአካባቢያችን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ አውራ ዶሮ ስለሚፈልጉ በዋዜማው ሰሞን ዋጋው ከፍ ይላል። በሁዳዴ ጾም መካከል ለመሸጥ የቸኮለ ግን ይከስራል።

የእናቲቱን አራት አውራዎችም ለፋሲካ ዋዜማ አቆይተን ሸጥናቸው። ገንዘቡን በልጆቹ ስም በመዝገብ ጽፈን፣ የጎደለውን ራሳችን ጨምረን፣ የዳሌ አጥንታቸው በሁለት ጣት ያህል የተራራቀ፣ ሊጥሉ የደረሱ ሦስት ቄቦች ገዛን። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ያተረፈችው አንዲት ሴት፣ ገበያ ላይ «ይህችስ ትንሽ ናት» ብዬ ልመልሳት የነበረችው ወሰራ፣ አሁን ዘጠኝ ጫጩቶች ፈልፍላለች። ትልቋ ልጅ ሴቶች ይመስሉኛል ያለቻቸውን አምስቱን እግራቸው ላይ ቀይ ክር አስራባቸዋለች፤ ወገባቸውን ገልጠን የምናየው ሦስተኛው ወር ሲሞላ ነው፣ ኢንሻአላህ።