ወገብ ከማሰር በፊት ኮርቻ መፍታት

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ መኪናም ባጃጅም አይቸግራትም። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ አርጡማ ፉርሲ ወይም ወደ ደዋ ጨፋ ገጠር ለሚዘልቅ ሰው ግን ጉዞው ዛሬም በእግር ወይም በከብት ጀርባ የሚገፋ ነው። ረጅም ሰዓት ኮርቻ ላይ ውሎ የወረደ ሰው ወገቡን ይዞ ቢያቃስት ምክንያቱ የሚፈለገው ከራሱ ነው፦ ብርድ መታው፣ ኩላሊቱ ነው፣ ዕድሜው ገፋ። መፍትሔውም እሱው ላይ ይወርዳል፤ መቀነት ይጠብቃል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ አልጋ ይያዛል። እኔ የምለው ግን ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከኮርቻውና ከከብቱ አረማመድ ስለሚመጣ አስቀድሞ መመርመር ያለባቸው እነሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የጀርመን ሐኪሞች ጥናት የ58 ምርጥ ጋላቢዎችንና የ30 የማይጋልቡ ሰዎችን አከርካሪ በኤምአርአይ አነጻጽሮ ነበር። ከጋላቢዎቹ 88 በመቶው የወገብ ሕመም አጋጥሞናል ሲሉ ከማይጋልቡት እንዲህ ያሉት 33 በመቶው ናቸው። በዲስክ መጎዳት ረገድ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ይህ ለጋላቢ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ወገቡ ያመመው ሰው ሁሉ አከርካሪው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከታችኛው ወገብ ሕመም 90 በመቶ ያህሉ ከአንድ ከተለየ በሽታ ጋር የማይያያዝ መሆኑን ይገልጻል። እንግዲህ ጡንቻውን በየቀኑ የሚያደክመውን ነገር ማግኘትና ማስተካከል ይቻላል።

የከብቱን እግር ማየት ብዙ ነገር ያስረዳል። ፈረስ ሶምሶማ ሲረግጥ የፊት ቀኝ እግሩን ከኋላ ግራው ጋር፣ የፊት ግራውን ከኋላ ቀኙ ጋር ያነሳል፤ ከአንዱ ጥንድ ወደ ሌላው ሲሻገር ለአፍታ አራቱም እግሮቹ መሬት ይለቃሉ። ጋላቢው በየእርምጃው ወደ ላይ ተወርውሮ ኮርቻው ላይ መልሶ ይወድቃል፤ ምቱን የሚቀበለው የታችኛው ወገቡ ነው። ሰጋር በቅሎ ግን በአንድ ጎን ያሉትን የኋላና የፊት እግሮች አከታትላ ስለምታነሳ መሬቱን ጨርሳ አትለቅም፤ ጋላቢዋ ይወዛወዛል እንጂ አይዘልም። አባቶቻችን ሰጋር በቅሎን ያን ያህል የወደዷት ለክብር ብቻ አይመስለኝም፤ ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ ሽማግሌ ወይም ሼህ ወገብ ማትረፊያ ነበረች። ሰጋር የሌለው ሰው ከብቱን በዝግታ ማራመድ፣ ሶምሶማ ግድ ሲሆን ደግሞ እርካቡን ረግጦ ከኮርቻው ብድግ ቁጭ እያለ መሄድ ይችላል። ለዚህ ሁለቱ እርካቦች እኩል መውረድ አለባቸው፤ አጥረው ጉልበትን ሽቅብ ካነሱት ወገብ ይጎብጣል። በአውራ ጣት ብቻ ከሚያዘው የቀድሞ እርካብ ይልቅም እግርን በሰፊው የሚያስረግጠው ይሻላል። ከደጋው ወደ ቦርከና ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ወርዶ ከብቱን መሳብ ለሁለቱም ዕረፍት ነው።

ኮርቻው ራሱ ከሥሩ እንጨት ነው። እንጨቱ ከከብቱ አከርካሪ ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ አርፎ መሃሉን ሳይነካ እንዲያልፍ ሆኖ ይሠራል። ከሥሩ የሚነጠፈው ሲሳሳ እንጨቱ አጥንት ያገኛል፤ ከብቱም ገጣባ ይሆናል። ገጣባ የሆነ ከብት ጀርባውን አደንድኖ፣ እርምጃውን አሳጥሮ ስለሚሄድ ንዝረቱ ተመልሶ የጋላቢው ወገብ ላይ ይመጣል። በእኔ ግምት የሰውየው ሕመምና የከብቱ ሕመም ተለያይተው የሚታከሙ አይደሉም። ማየቱ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ከጉዞ በኋላ ኮርቻው ሲፈታ ዙሪያው በላብ ርሶ መሃሉ ደረቅ የቀረ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ ላይ አለቅጥ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። በኮርቻው ሥር የበቀለ ነጭ ጠጉርም ብዙ ጊዜ የድሮ ቁስል ምልክት ስለሆነ በቅሎ ገዢ ሊያየው ይገባል። ለባቲ የሰኞ ገበያ የሚወጣ ሰው እህሉን በአንድ ጎን ብቻ አንጠልጥሎ ራሱ በሌላው ጎን ቢያዘነብል፣ ወይም ሌላ ሰው ከኋላው ቢያፈናጥጥ፣ ጉዳቱ ለሁለቱም ጀርባ ነው።

አያቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋልበው ወገቤን አላሉም የሚል አይጠፋም፤ በ1888 ዓ.ም. ከራስ ሚካኤል ጋር ዐድዋ የዘመተውን የወሎ ፈረሰኛ ይጠቅሳል። ነገር ግን ስማቸው የደረሰን ኮርቻ ላይ የዘለቁት ናቸው፤ ወገቡ አሞት መጋለብ የተወውን ማን መዘገበው? ጠንካሮቹም ቢሆኑ በእርሻ፣ በሸክምና በእግር ጉዞ የዳበረ ሰውነት ነበራቸው። ይህ ደግሞ ዛሬ ሐኪሞች ከሚሉት ጋር ይገጥማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ ማስተማርንና መታሸትን ይመክራል፤ የወገብ ቀበቶንና አከርካሪን መጎተትን ግን አይመክርም። መቀነት ሳጠብቅ ይሻለኛል የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ ለሰዓታት ይደግፈዋል። ኮርቻው ካልተስተካከለ ግን ነገም ያው ሕመም ይጠብቀዋል። ወጌሻም በቅቤ ማሸቱ ባልከፋ፤ መጎተቱና መጠምዘዙ ነው የሚያሰጋው። መተኛትም ከጥቂት ቀን ካለፈ ጡንቻን ያሰንፋል፤ ሕመሙ በሚፈቅደው መጠን መራመድ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ለተለመደው ሕመም ነው። ከከብት ወድቆ ወገቡን ያመመው፣ እግሩ የዛለበት፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው፣ ሽንቱ አልወርድ ወይም አልያዝ ያለው ሰው በከብት ሳይጫንና በወጌሻ ሳይነካ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። ወገቡን እያመመው ትኩሳት ያለው፣ ሌሊት የሚያልበው ወይም የሚከሳ ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። የከሚሴ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ደሴ አለ። ከወደቀ ሰው ጋር ያላችሁ ሁሉ እባካችሁ ቀና አድርጋችሁ አታስቀምጡት፤ አንገቱንና ወገቡን ሳታጣምሙ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ አጋድማችሁ አድርሱት።